«ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩሉ

ሰበታ ውስጥ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ከሒሳብ ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ ውሎዬ ይኸው ሆኗል፤ መዝገብ መያዝ፣ የወር መዋጮ መሰብሰብ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ከመጋዘን ወጥቶ ልቅሶ ቤት መድረሱን መከታተል። እድራችን የሰፈር እድር ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም አለበት፤ ሐዘኑም በአማርኛም በኦሮምኛም ይለቀሳል። ሰው በባለ ሐዘን ፊት ተቀምጦ ምን እንደሚናገር፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ማን ደጅ እንደሚረግጥ የሚያይ ሰው ቢፈለግ የእድር ጸሐፊ ነው።

ከምሰማው ሁሉ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ እናት አንገቷን ደፍታ ሳለች፣ አንዱ ይነሣና «ለበጎ ነው» ይላል። ሌላው «እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል» ብሎ ይቀበለዋል። ሦስተኛው መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ፈተና ለመንፈሳዊ ዕድገት ያለውን ጥቅም ነጥብ በነጥብ ያስረዳል። ተናጋሪዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሚሉትም ከእምነታችን ውጭ አይደለም። እናትየዋ ግን ቀና ብላ አታይም። ሐዘኗ ሳያንሳት፣ አሁን ደግሞ ማመስገን ይጠበቅባታል።

እኔ የምለው ይህን ነው፤ ፈተና ብቻውን ማንንም አያሳድግም። አንዱን ይሰብራል፣ ሌላውን ያመርራል፣ አንዳንዱንም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስቀራል። መከራ ለነፍስ ፍሬ የሚሰጠው አብሮ የሚሸከም ሰው ሲገኝ ነው። «ለበጎ ነው» ማለት ደግሞ የባለ ሐዘኑ ድርሻ ነው። እሱ ጊዜው ሲደርስ በገዛ አንደበቱ ቢለው ምስክርነት ይሆናል። እኛ ቀድመን ስንልለት ግን ብዙውን ጊዜ ከሸክሙ መሸሻችን ነው።

ይህን ስል መጽሐፉን እየተቃወምኩ አይደለም፤ እንዲያውም መጽሐፉን በደንብ እናንብበው እያልኩ ነው። የዮሴፍን ታሪክ ሰባኪ ሁሉ ይወደዋል። ወንድሞቹ ክፉ ቢያስቡበትም እግዚአብሔር ነገሩን ለመልካም እንዳደረገው የተናገረው ማን ነው? ዮሴፍ ራሱ ነው። የተናገረውም ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ወይም እስር ቤት ተረስቶ በከረመበት ጊዜ አይደለም። ዓመታት አልፈው፣ ወንድሞቹን በረሃብ ዘመን መግቦ፣ አባቱንም ቀብሮ ከተመለሰ በኋላ ነው። ያንኑ ቃል ወንድሞቹ በጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ቢናገሩት ኖሮ ስድብ በሆነ ነበር። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ተናጋሪውና ጊዜው ይለየዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች መከራ ትዕግሥትን እንደሚያፈራ ሲጽፍ በምቾት ተቀምጦ የሰው ቁስል የሚተነትን አልነበረም። ተገርፏል፣ በድንጋይ ተወግሯል፣ መርከብ ተሰብሮበታል። እንዲያም ሆኖ በዚያው መልእክት ከሚያለቅስ ጋር ማልቀስን አዘዘ እንጂ ለሚያለቅስ ማብራሪያ መስጠትን አላዘዘም። የኢዮብ ወዳጆችስ? ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ቆዩ። እስከዚያ ድረስ እንደነሱ ያለ ወዳጅ አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱና ለመከራው ምክንያት ፍለጋ ሲገቡ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ባለቀሰውና በተሟገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው ወዳጆቹ ላይ ነበር።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ኩላሊቷ ደክሞ እጥበት ላይ ነበረች። ሐኪም በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢያዝም አቅማችን የቻለው ሁለቴውን ነበር። ከሰበታ ተነሥተን በአለምገና፣ በወለቴና በካራ ቆሬ አድርገን አየር ጤና፣ ከዚያም መሐል ከተማ፤ ስንመለስ ደግሞ ጉልበቷ ተንጠፍጥፎ ታክሲ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ትደገፋለች። በዚያ ጊዜ ቤታችን ሁለት ዓይነት ጠያቂ ይመጣ ነበር።

አንደኛው ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። የኩላሊት ታማሚ ሙዝና ብርቱካን አይፈቀድላትም፤ አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን የለም። ተቀምጦ፣ ፈተና ለሚያምን ሰው በረከት እንደሆነ አስተምሮን፣ ጸልዮልን ይሄዳል። ሁለተኛው ዓይነት ጥቂት ነው። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከመምጣቷ በፊት በስልክ «ምን ትበላለች? ጨው ትችላለች? ውኃስ ስንት ነው የተፈቀደላት?» ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ድንቹን ዘፍዝፋ፣ ውኃውን ደፍታ፣ እንደገና ቀቅላ አመጣች። ስለ ፈተና አንድም ነገር አላለችም። ሳህኗን አጥባ ሄደች።

ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤትም አለን፤ እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በእምነት ስንከራከር ኖረናል። በእጥበቱ ቀን ገና ሳይነጋ በራችን ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀናል። «ጋሼ፣ እርስዎ ይደግፏት፤ ቦርሳውን እኔ እይዛለሁ» ይላል። ሒሳብ ስሰጠው «ቆይ፣ አብረን እናስበዋለን» እያለ ያሳለፈው እስከ ዛሬ አልተሳሰበም። ክርክራችን አሁንም አለ፤ ቁጣው ግን ወጥቶለታል።

ባለቤቴ ዐርፋለች። ሰዎች «ፈተናው በመንፈስ አሳድጎሃል?» ሲሉኝ ሕመሙ ምንም እንዳላሳደገኝ እነግራቸዋለሁ፤ ሕመም እንቅልፍ ነሥቶኝ ገንዘቤን ጨረሰ፣ እሷንም ወሰደ። በሕመሙ ውስጥ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያልነበረኝን ነገር አገኘሁ። እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የማልመልሰውን መቀበል ያኔ ለመድሁ። ጸጋ የሚባለውን ነገር ከቅዳሴ ከሰማሁት ይልቅ ያ የተዘፈዘፈ ድንችና ያ ያልተሳሰበ ሒሳብ አስረዱኝ። እግዚአብሔር አልተለየኝም እላለሁ። ለበጎ ነበር ግን እስካሁን አላልኩም፤ ልል የምችለው እኔ ነኝ፣ ጊዜውንም እኔ አውቀዋለሁ።

ፈተና ብቻውን አያሳድግም ማለቴ ከእንጦጦ ወዲያ ያለውን የሱሉልታን ሜዳ ለሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ማለዳ ላይ ሯጮች በብርዱ ሲተሙበት ይታያል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሯጭን ያጠነክራል ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው አየር ለእረኛውም፣ ከብት ለሚነዳው ገበሬም፣ ለቀን ሠራተኛውም ስስ ነው። ከመካከላቸው ሯጭ የሚወጣው አሠልጣኝ፣ በቂ ምግብ፣ እረፍትና አብሮ የሚሮጥ ጓደኛ ያገኘው ነው። ያለ እነዚህ ከፍታው ትንፋሽ ማሳጠሪያ ብቻ ነው። ፈተናም እንዲሁ ነው።

ስለ ሯጮች ካነሣን ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ መሠረት ደፋር የ5,000 ሜትሩን ውድድር አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከማልያዋ ውስጥ አውጥታ እያለቀሰች ለካሜራ ስታሳይ ያላየ የለም። ከዚያ በፊት ቤጂንግ፣ በርሊንና ዴጉ ላይ በዚሁ ርቀት ሦስተኛ ሆና ነበር የጨረሰችው። ብዙዎች ያንን ቅጽበት «የታገሠ ያሸንፋል» ለሚል ስብከት ተጠቀሙበት። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሥዕሉ ማልያዋ ውስጥ የገባው ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ውድድሩ ሳይጀመር ነው። አራተኛ ብትሆንም እዚያው ደረቷ ላይ ይኖር ነበር፤ እኛ ግን አናየውም ነበር። እምነትን በሜዳልያ የምንለካ ከሆነ ሜዳልያ ያላገኙትን፣ ጸልየው ያልዳኑትን ሁሉ ያላመኑ ናቸው ማለታችን ነው።

ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ እንጦጦ ማርያም አለች፤ በኤች አይ ቪ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ለጠበል ወደዚያ ወጥተዋል። ብዙዎቹ ቤተሰብ ያገለላቸው፣ አከራይ ያስወጣቸው ነበሩ፤ ጠበሉ ጸሎት ብቻ ሳይሆን እንደነሱ ያለ ሰው የሚያገኙበት መጠለያም ነበር። ጥር 1997 ዓ.ም. የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ግን «ክኒኑን የዋጠ ጠበሉን ካደ፣ ፈተናውን በእምነት ይወጣ» የሚል ምክር ይሰማ ነበር። መድኃኒታቸውን ጥለው የሞቱ አሉ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አንዱ ከሌላው እንደማይጣላ በይፋ ተናገሩ። ለእኔ ይህ ትልቅ መንፈሳዊ ንግግር ነው፤ ፈተናን አላወደሰም፣ ለተፈተነው ሰው መንገዱን አቀለለት።

በዚያው ዘመን ደግሞ አንዳንድ እድሮች ለቀብር ብቻ የቆመውን ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። አባላቸው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል በሕይወት ሳለ መድረስ ይሻላል ብለው ነው። የዘመኑን ትልቅ ስብከት የሰበኩት እነሱ ይመስሉኛል።

ወደ ከተማዬ ልመለስ። ሰበታ ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። በዮሐንስ ወንጌል ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ጥያቄ እኛ ሰፈርም ሲጠየቅ ኖሯል፤ ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ጥያቄውን አልተቀበለውም። የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥበት ነው ብሎ ወዲያው ጭቃ ለወሰ፣ ዐይኑን ቀባ፣ ታጥቦ እንዲመጣ ወደ ሰሊሆም ላከው። ማብራሪያው በአንድ ትንፋሽ አለቀ፤ የቀረው ሁሉ የእጅ ሥራ ነበር።

ትምህርት ቤቱም ለእኔ የዚያ እጅ ቅጣይ ነው። ፊደልን በጣታቸው አንብበው ለወግ ለማዕረግ የበቁ ልጆች ለዚህ የበቁት ማየት ስለተሳናቸው አይደለም፤ አስተማሪ፣ መኝታ፣ የብሬል ወረቀትና «ይችላል» የሚል ሰው ስላገኙ ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቅኔና ዜማን በቃላቸው ይዘው ያስተማሩ ዐይነ ስውራን መምህራን ስማቸው የገነነ ነው። የኔታ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በትራቸውን የሚመራ ደቀ መዝሙር ነበራቸው። ታሪካቸውን ስንተርክ ልጁን እንረሳዋለን።

የአንድ ቤት ብቻ ያልሆነ ፈተናም አለ። ቡራዩን ሳነሣ ቃል መምረጥ አለብኝ፤ የብዙ ሰው ቁስል ነውና። መስከረም 2011 ዓ.ም. አሸዋ ሜዳና አካባቢው ላይ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፣ ቤታቸው ተዘረፈ፣ ሺዎች ተፈናቅለው አዲስ አበባ በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ጋሞዎች ነበሩ፤ ለበዓልና ለእሁድ የምንለብሰውን ነጠላና ጥበብ የሚሸምኑ እጆች። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል አደባባይ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ።

ሥርዓቱ የጋሞ ሽማግሎች ባህል ነው፤ ክርስትና ሠራው አልልም። ነገር ግን ያንን ምስል ያየ ክርስቲያን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ለማጠብ ዝቅ ያለበትን ምሽት ሳያስብ አይቀርም። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሽማግሌዎቹ የቁጣውን ምክንያት አላስተባበሉም፣ ለልጆቹም ለበጎ ነው አላሏቸውም። የሞተባቸው ወገን ስለ ነበሩ ግን ለመናገር መብት ነበራቸው። ይቅርታን ከገዛ ሐዘናቸው አወጡት፤ ከዳር ቆሞ ይቅር በሉ ከሚል ሰው ይህ በእጅጉ ይለያል። ያ መንበርከክ ደም መፋሰስን አስቀረ፤ የፍትሕ ምትክ ተደርጎ ሲቀርብ ግን አልቀበልም። ተበዳይን ይቅር በል እያልን በዳይን የማንጠይቅ ከሆነ የተበዳዩን መንፈሳዊነት መጠቀሚያ አድርገነዋል።

እዚህ ላይ «ስደት ቤተ ክርስቲያንን አሳድጓል፣ ታሪክ ምስክር ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የባጃጅ ነጂው ጎረቤቴ የሚያነሣት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ ደርግ ሲወድቅ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን ያሳደጋት የበሩ መታሸግ ነው ወይስ በሩ ከታሸገ በኋላ ምእመናኑ ያደረጉት? በየመኖሪያ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰበሰቡ፤ ሰው በሰው ስም ተዋወቀ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ለምን ቀረ ብሎ ሄዶ ጠየቀ። በትልቅ አዳራሽ የማይቻለው ነገር ሳሎን ውስጥ ተቻለ።

ስደት ራሱ ያሳድግ ቢሆን ኖሮ የተሰደደች ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ታድግ ነበር። ጎረቤታችን ኑቢያ ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስቲያን መንግሥታት አገር ነበረች፤ ዛሬ የቀረው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያንና በግድግዳ ላይ የነበረ ሥዕል ነው። አውግስጢኖስን ያስገኘችው ሰሜን አፍሪካም እንዲሁ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗ ጠፍታለች። መከራው በየቦታው ነበር፤ ፍሬው ግን በየቦታው አልተገኘም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ «ታዲያ ዝም እንበል? የተስፋ ቃል አያጽናናም?» ያጽናናል። ሞትን ያሸነፈ ጌታ አለን ብለን የምናምን ሰዎች ተስፋን መሸሸግ አንችልም። ለማለት የፈለግሁት ቃሉ በቅደም ተከተሉ ይምጣ ነው። ዳዊትን በየዕለቱ የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መዝሙሩ ውስጥ ምስጋናው ከመምጣቱ በፊት እስከ መቼ የሚል ጩኸት አለ። ቤተ ክርስቲያናችንም ሕማማትን ዘልላ ትንሣኤን አታከብርም፤ ሳምንቱን ሙሉ ትሰግዳለች። ለራሳችን ይህን ጊዜ የምንወስድ ሰዎች ለጎረቤታችን አንድ ሳምንት እንዴት እንነፍጋለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እድሮች ሆይ፣ ደንባችሁን አውጡና አንብቡት፤ ለሞት ስንት፣ ለሕመም ስንት ይላል? በብዙዎቹ ደንብ የታመመ አባል የሚያገኘው ከሞተው ያነሰ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ለሕሙማን መጓጓዣና መድኃኒት ይመደብ፤ ተራ የሚገቡ ጠያቂዎችም ይመደቡ፣ ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድመው በስልክ የሚጠይቁ።

አባቶች ካህናትና ወንድሞች ሰባክያን፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ለኢዮብ ወዳጆች ዝምታ ተዉልን። ጸልዩ፣ ፍትሐቱን አድርሱ፣ ተቀመጡ። የመከራን ጥቅም ማስተማር ካለባችሁ በሰላሙ ቀን፣ ሁላችንም ቆመን ሳለን አስተምሩን፤ ያኔ ስንቅ ይሆነናል። ሐዘንተኛውን በኃጢአቱ የሚመረምር ሰው ከተነሣም ድንኳኑ ውስጥ ሳለን አስቀምጡት።

በፈተና ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቶሎ እንድታመሰግኑ ማንም አያስገድዳችሁ። ብታለቅሱ፣ ብትጠይቁ፣ አንድ ቀን ጸሎት ቢያቅታችሁ እምነታችሁ አልጎደለም። የሚያስፈልጋችሁን ግን ተናገሩ። «ምንም አይደል፣ ተመስገን» እያልን የምንደብቀው ችግር የሚረዳንን ሰው ያግዳል፤ የዘረጋውን እጅ መቀበልም የእምነት ሥራ ነው።

ባለ ሐዘኑ አንድ ቀን፣ ምናልባት ከዓመታት በኋላ፣ ራሱ ተነሥቶ «ለበጎ ነበር» ካለ አሜን እንበለው። እስከዚያው ድረስ ወንበር መሸከም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ መያዝና የበሽተኛ ድንች መዘፍዘፍ የእኛ ሥራ ነው።